ለሁለት የተቆረጠው ከዘራ

ነገሬ የሰርቪስ ቤቱን በር በእግሩ በረገደው።

«ከዘራዬን ማን ወሰደው? ሽማግሌዎቹ እየጠበቁኝ ነው!»

ሳንሱሲ ሰፈር ሄዶ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ነው። ለሰው ቤትማ ማን እንደሱ!

ልጁ ገዳ ከባንድ ጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ እየተለማመደ ነው፤ መምታቱን አላቆመም። ሁለት አጫጭር የወይራ እንጨቶች ይዟል፤ አንዱን በግራ መዳፉ ላይ አጋድሞ በሌላው ያንኳኳዋል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ፤ ከዚያ ቋ፣ ቋ። ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት። ላቲን አሜሪካኖች ይህን ምት ክላቭ ይሉታል፤ ኮንጋ የሚባለውን ረጅም ከበሮ የሚመታው ኢብራርም፣ ፒያኖ ላይ ያለችው ሶፊም የሚከተሉት እሱን ነው። ገዳን ያለፋው አያያዙ ነበር። ጨብጠው ከያዙት ይታፈናል፤ ላላ ሲያደርጉት ነው የሚዘፍነው።

ነገሬ እንጨቶቹን አየ። የአንደኛው ጫፍ የገዛ እጁ ወዝ ያጠቆረው ነው።

«ቆረጥከው?»

«ቆረጥኩት። ከእንግዲህ እማዬን አትመታበትም።»

አባቱ አንዱን እንጨት ነጥቆ ቅንድቡ ላይ አሳረፈበት። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሶፊ ጮኸች። ኢብራር ሊገላግል ተነስቶ በክርን ተመታና ከነኮንጋው ወደቀ። ሁለተኛው ምት የገዳን የግራ እጅ ጣቶች አገኘ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው።

ያን ጊዜ ገነፈለ። የቀረውን እንጨት በቀኙ አንስቶ፣ አባቱን ግድግዳው ላይ አጣብቆ፣ ትከሻ አይል አናት አይል ወቀጠው። ከልጅነቱ ጀምሮ የቋጠረው ቂም ነው። ደስ አለው፤ ምን ያስዋሻል፣ በጣም ደስ አለው። እንጨቱ ግን አልዘፈነም። ድው፣ ድው ነው የሚለው።

ገዳ ወደ ቀኝ እጁ አየ። ጨብጦታል።

«ተው ልጄ! በማርያም!»

እናቱ ሙሉወርቅ ከልብስ ማጠቢያው ሮጣ መጣች፤ የሳሙናው አረፋ ከእጇ ላይ ገና አልጠፋም። ባሏ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል፤ በጣቶቹ መሃል ደም ይወርዳል።

ገዳ ወደ እሷ ዞረ። አይዞሽ ሊላት ነበር፤ አለቀ፣ ከዛሬ ወዲያ የሚነካሽ የለም ሊላት። እንጨቱን ማውረዱን ረሳው።

ሙሉወርቅ ወደ ኋላ አለች። ከዚያም አባቱ ፊት እንደምታደርገው፣ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ክንዶቿን ፊቷ ላይ አነሳች።