የኪራይ አፍ

«ጮክ ይበሉ፣ አባባ!»

ጡረታ የወጣው ቴሌግራፈኛ አፉን ከመስኮቱ መስታወት ቀዳዳ ጋር አጋጠመና እንደገና ሞከረ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ጮክ ማለት ቢችል ኖሮ ነገሩ መቼ እዚህ ይደርስ ነበር! ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሞች ጉሮሮው ውስጥ ያበጠውን ሲያወጡ ድምፁንም አብረው ወስደውታል። ማስታወሻ ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ጻፈና በመስታወቱ ሥር አሾለከው።

«የአማተር ራዲዮ ፈቃዴን ለማሳደስ አመልክቼ ነበር። ወረቀቱ አልደረሰኝም። ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው በእኔ የጥሪ ምልክት ሲጠቀም ሰማሁ።»

የጥሪ ምልክት ማለት የራዲዮ ሰው በአየር ላይ የሚጠራበት ስም ነው። የእሱ አራት ፊደል ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠራባት፣ እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ እሷን ለምዷል።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አነበበች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን ነካካች። «አልታደሰም፣ አባባ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ድምፅ ያጣ ሰው ጆሮውም አብሮ የጠፋ ይመስለዋል። ልጁ እንኳ «ምሳ ቀርቧል» ስትለው ጎረቤት እጁን ሊታጠብ ይነሳል።

«ማመልከቻው ገብቷል! ግን ራስዎ ቀርበው መፈረም ነበረብዎት! ሦስት ጊዜ መልእክት ልከናል፤ በዚህ ስልክ!» ቁጥሩን አነበበችለት።

ቁጥሩ የእሱ አይደለም። የማን እንደሆነ ግን ያውቃል። ከግቢው በር አጠገብ ጥላ ዘርግቶ ፎርም የሚሞላው የጉዳይ አስፈጻሚ ነው።

ሰውዬው አፈ ቅቤ ነበር። «አባቴ፣ እርስዎ ወረፋ ይዘው ምን አደከመዎት? እኔ አፍ እሆንዎታለሁ» ብሎት ነበር። ቴሌግራፈኛውም በየመስኮቱ «ጮክ ይበሉ» መባል ሰልችቶት የወር ጡረታውን እኩሌታ ሰጠና አፍ ተከራየ። «አለቀ በሉት፣ ወረቀቱ ቤትዎ ይመጣል» ተባለ። ደንበኛው ከእጁ እንዳይወጣ በፎርሙ ላይ የራሱን ስልክ ሞልቶ ኖሯል። ዛሬ ጥላው በቦታው የለም፤ የተተከለበት ጉድጓድ ውሃ አቁሯል።

«ከፍያለሁ እኮ» ብሎ ጻፈ።

«ለማን?» ጸሐፊዋ በእስክሪብቶዋ ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ጠቆመች። «ፈቃድ ማደስ በነጻ ነው። ለሦስተኛ ወገን ምንም አይክፈሉ» ይላል፣ በትልልቁ። ታዲያ የለጠፉት ከውስጥ ነው። ደጅ ቀርቶ አፍ የሚከራይ ሰው ከየት ያንብበው?

ደብተሩን መልሶ ሳበ። «ምልክቴስ?»

ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ያኔ አወቀ።

«የስድስት ወር የችሮታ ጊዜው አልፏል፣ አባባ። ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ይፈልገው ነበር። እርስዎ አሁን እንደ አዲስ መፈተን ነው ያለብዎት። ወረፋው ዓመት ይፈጃል፤ ፈተናው ደግሞ የቃል…» አለችና ዓይኗ ደብተሩ ላይ አረፈ።

ዓመት! ማዶ ዓመት ከየት ያመጣል?

ማዶ የሚለው ባሕር ማዶ ያለ አዛውንት ነው። ስሙን አያውቀውም፤ ስልኩንም፣ ቤቱንም አያውቅም። የሚያውቀው ምልክቱን ብቻ ነው፤ ማዶም የእሱን እንዲሁ። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠራሩና በአጭርና በረጅም ምት፣ በጣት ያወራሉ። ጉሮሮው መቀደዱን ማዶ አልሰማም። ማዶ ዘንድ ቴሌግራፈኛው አሁንም ወሬኛ ነው፤ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ያልዘራውን ቲማቲም ሰበሰብኩ ብሎ ይዋሻል። በዚህ ምድር ላይ «እባክህ አታድርቀኝ» የሚለው ሰው የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማዶ ሳንባው እንደደከመ ነግሮት እንዲህ ብሎ መታለት፦ «አንድ ጠዋት ካልጠራሁህ ሞቷል በል። አንተም ካልመለስክልኝ እንደዚያው እላለሁ።»

ዛሬ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጠራው። ቴሌግራፈኛው ግን ምልክቱን በሌላ ሰው እጅ ሰምቶ ስለነበር ጣቱን ከራዲዮው መምቻ ላይ አንስቶ ተቀመጠ። በሰው ስም አይፈረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን እያወቀ ያለ ፈቃድ አልመታም። «ቢሮ ሄጄ ላጥራና ነገ እነግረዋለሁ» ብሎ ነበር የወጣው።

ይህን ሁሉ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። «አንድ ሰው» ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሰረዘው። ከኋላው የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

ጸሐፊዋ አየችው። ወደ ቀዳዳው ጠጋ ብላ፣ «ግን አባባ፣ ራዲዮዎን አይወስድብዎትም ማንም» አለች። «ማዳመጥ ይችላሉ። ለመስማት ፈቃድ አያስፈልግም።»

በደግነት ነው ያለችው። ነገም ሁለት ሰዓት ላይ ማዶ ሲጠራ ይሰማል። ከነገ ወዲያም፣ ማዶ «ሞቷል» ብሎ እስኪተወው ድረስ ይሰማል።

ማንም ሳያዘው ቀኝ ጣቱ የመስኮቱን ደፍ መምታት ጀመረ። አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። አራቱን ፊደላት ጨረሰና «አለሁ» አለ፤ ደግሞ «አለሁ፣ አለሁ» አለ።

«አያንኳኩ፣ አባባ!» ጸሐፊዋ እንደገና ጮኸች። «እየሰማሁዎት ነው እኮ!»

ቴሌግራፈኛው ጣቱን በግራ እጁ ጨብጦ ያዘው፣ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ እንደሚይዙ።