ፍሪጁ በእኔ ድምፅ

ፊልም ላይ በድምፅ እተውናለሁ፤ ዘፈንም ጽፌ እዘፍናለሁ። ድምፄን ለዕቃ አምራቾች የሸጥኩበትን ያንን የተረገመ ውል ከፈረምኩ ወዲህ ግን የከተማው ዕቃ ሁሉ በእኔ ድምፅ ነው የሚያወራው። ሊፍቱ እኔ፣ ታክሲው እኔ፣ ፍሪጁ እኔ! «ድምፅ ቀንሺ» ካልተባሉ አይተዉም።

ዛሬ ልጄን ሄራንን ለምሳ ሦስቴ ጠራኋት። ሳሎን ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥላለች፤ ዘወርም አላለች። ምን ታድርግ፣ ምድጃውም «ምሳ ደርሷል» እያለ በዚሁ ድምፅ ሲጠራት ነው የኖረው።

በሽቄ አዲሱን ዘፈኔን ጮክ ብዬ ዘፈንኩት። ስለ እሷ የጻፍኩት ነው፤ ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ። ይሄን እንኳ ማንም ማሽን አያውቀውም፤ አሁንስ ትለየኛለች አልኩ።

ሄራን ከሥዕሏ ቀና ሳትል «ድምፅ ቀንሺ!» አለች።

ስቱዲዮ ውስጥ መቶ ጊዜ ያስደገሙኝ መልስ ከአፌ አመለጠ።

«እሺ፣ ቀንሻለሁ።»