ቀዩ ጃንጥላ

ረውዳ ቀዩን የአስጎብኚ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች እየሮጠች ገባች። አውቶቡስ ሙሉ ቱሪስት እሷን ይጠብቃል፤ ከመካከላቸው የጠፉት ሽማግሌ ግን እዚህ እማማ ማኑቢያ ግቢ ተቀምጠው ኩስኩስ ይበላሉ። ከወደቡ ቱሪስቶቹን ያመጣችው መርከብ ጡሩምባ ጮኸ።

«እማማ፣ ሽማግሌው ይነሱልኝ! መርከቧ ልትሄድ ነው!»

«የቀረበለትን ሳይጨርስ ከቤቴ የሚነሳ እንግዳ የለም! ፀሐይ ጥሎት ከደጄ ያነሳሁት እኔ ነኝ። አንቺ የት ነበርሽ?»

የአውቶቡሱ ሹፌር ሳልሕ በበሩ ብቅ አለ። «ለአንድ ሰውዬ ብለሽ ሁላችንን ልታስቀሪ ነው? ተያቸውና ነይ!»

መርከብ ከአስጎብኚ ጋር የወጣውን ቡድን ይጠብቃል፤ ብቻውን የቀረውን ግን ጥሎ ይሄዳል። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ቡድን ያስረፈደች አስጎብኚ ደግሞ ነገ ሥራ የላትም።

ጡሩምባው ደገመ። የሽማግሌው ማንኪያ ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ፤ ቀና ብለው ጃንጥላውን አዩት። ረውዳ ዘጭ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጃንጥላውን ግን አላጠፈችውም።

«ለመርከቧ ደውል፣ ሳልሕ። ጉብኝቱ አላለቀም በላቸው።»

እማማ ማኑቢያ ሌላ ማንኪያ አቀበሏት። «በይ ብዪ እንግዲህ፤ ነገ ሥራ ፈት ነሽ።»