ስድስተኛዋ

ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጀ። የተጨነቀ ጓደኛ እንዴት እንደሚደመጥ፣ ራስን ስለ ማጥፋትም ፊት ለፊት መጠየቅ እንደሚገባ ተማረች። ሰርተፍኬቱ የሚሰጣት ግን የዶርሟን ልጆች በሙሉ ጠይቃ ቅጹን ስትመልስ ነው። እሷ ደግሞ የቤት ሥራ አሳድራ አታውቅም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እስክሪብቶዋን ይዛ ተነሣች።

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«የካልኩለስ መምህሩን ለማጥፋት ነው ያሰብኩት» አለች የመጀመሪያዋ።

«እሱ ቅጹ ላይ የለም» ብላ «አላሰበችም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ሁለተኛዋ ሹሩባ እየተሠራች ስለነበር አንገቷን መነቅነቅ አልቻለችም፤ በጣቷ «አይ» አለች።

«ሐኪሜ፣ እኔን የሚገድለኝ የዚህች ፀጉር ብዛት ነው» አለች ሦስተኛዋ፣ ሠሪዋ።

አራተኛዋን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ ጠየቀቻት። በትራስ መለሰችላት።

የቀረችው ላይኛው አልጋ ላይ የተጋደመችው ትርሲት ነበረች።

«አላሰብኩም፣ ጻፊ» አለች ትርሲት ቅጹን ቁልቁል እያየች። «ግን እኮ የሞላሽው አምስት ነው። እኛ ስድስት ነን።»

«እኔማ ጠያቂዋ ነኝ።»

«ጠያቂ ሰው አይደለም እንዴ? በይ እኔ ልጠይቅሽ። አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች።

«ከጥር ጀምሮ» አለች።

ሳቁ ቆመ። ትርሲት ከአልጋዋ ወረደች። ምን እንደሚባል ስላልሠለጠነች አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።