የግራ ጉንጭ ሪፖርት

ባለቤቴ ዘርጋው የአንጎሉ ግንድ ላይ ደም ከፈሰሰ ወዲህ፣ ግራ ፊቱና ግማሽ አፉ ምንም አይሰማውም። በዚህ ዘመን እንዲህ ላለው ሰው ከጆሮው ጀርባ ትንሽ መሣሪያ ይተከልለታል፤ አፉ ሊሰማው የሚገባውን መሣሪያው በጆሮው ይነግረዋል። የመጀመሪያዎቹ እውነቱን እየተናገሩ ሰው አስደነገጡ ተብሎ፣ የአሁኖቹ ጨዋ ተደርገው ነው የተሠሩት። እኔን ሚስቱን ሠላሳ ዓመት ያላመነ ሰው፣ እሱን በሳምንቱ አመነው።

ትናንት ምሳ ላይ የሚንተከተከውን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ በግራ በኩል ጎረሰ።

«ኧረ ያቃጥልሃል!» አልኩት።

«ለብ ያለ ነው፤ ነገረኝ እኮ» አለና ደገመው።

ዓይኔ እያየ ከንፈሩ ውሃ ቋጠረ። መስታወት አምጥቼ ፊቱ ላይ ደቀንኩበት። አላየውም፤ መሣሪያውን ጮክ ብሎ እንዲናገር አዘዘው።

«በግራ ከንፈር አካባቢ መጠነኛ ሙቀት ታይቷል» አለ መሣሪያው። «በአጠቃላይ ሁኔታው አበረታች ነው።»

ዘርጋው እጁን ከትሪው ሰበሰበ። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ለአለቆቹ የድርቅ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

«ስንዱ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ አምጪልኝ» አለኝ። «ይሄን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። እንዲህ ተብሎ ሲጻፍ ሰው እያለቀ ነው።»