ትይዩ አግዳሚዎች

ከኤድንብራ የመጣው ወጣት አርክቴክት ንድፉን የቁርባኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታነጽ የሰባኪው ሰገነት ረጅሙ ግድግዳ መሃል ላይ ስለተተከለ፣ የግራና የቀኝ አግዳሚ ወንበሮቹ ፊት ለፊት እንደተፋጠጡ ዘመናት አልፈዋል። አሁን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ ነው የሚለው።

«የሚቃወም እጁን ያውጣ» አሉ ቄሱ።

ከግራ በኩል ኤፊ ብቻ እጇን አወጣች። ከቀኝ በኩል ትይዩዋ የተቀመጠችው እህቷ ሮና ነበረች፤ በእናታቸው የግድግዳ ሰዓት ተጣልተው ከቀብሯ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«አንቺማ ደስ አይልሽም እንዴ?» አላት ኤፊን ደወል ደዋዩ ፈርገስ ከኋላዋ። «ዓይኗን ከማየት ትገላገያለሽ።»

ሰው ሳቀ። ኤፊ እጇን አላወረደችም።

«ስማኝ ልጄ» አለችው አርክቴክቱን። «አምና በብርዱ ፊቷ አመድ መምሰሉን ያየሁት እዚህ ተቀምጬ ነው። ሐኪም የላክሁላት እኔ ነኝ። ማጅራቷን እያየሁ መታመሟን በምን ላውቅ ነው?»

ሮና ሐኪሙን ማን እንደላከላት እስከዚያች ሰዓት አታውቅም ነበር። እህቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቀስ ብላ እጇን አወጣች። የተናገረችው ግን ለቄሱ ነበር።

«ይንገሩልኝ፤ ካፖርቷ እየሰፋት ነው። ትብላ።»