ከታች የመጣ ብርሃን

«ብርሃኑን ከየት ላድርገው?» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ታፔላ ጸሐፊው ከኋላዋ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሱቆች ታፔላ ሁሉ በእጁ የጻፈ ሰው ነው። አንድን ፊደል ከሰሌዳው ወጥቶ የቆመ ለማስመሰል ጥላው ላይ በቀጭን ብሩሽ ቀኑን ሙሉ ይለፋ ነበር። እሷ የኮምፒውተር ዲዛይን ኮርስ ከጨረሰች ገና ሁለት ወሯ ነው። አሁን ከስክሪኑ አናት ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች አንዱን ስትጫን ፊደሎቹ ወፈሩ፤ ሌላውን ስትጫን ዞሩ፤ ሌላውን ስትጫን እንደ ብረት አብለጨለጩ። እጁ ላይ ያለው ሻይ እንኳ ገና አልቀዘቀዘም።

ቀናባት። ባላንጣው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አምቶት ይወጣለት ነበር። በገዛ ሚስት መቅናት ግን ለማን ይነገራል? ትናንት የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት በር ላይ አግኝቶት «ባለሙያዋ አለች?» ብሎ ጠየቀው። እሱም እንደ ዘበኛ ገለል ብሎ «አለች፣ ግባ» አለ።

«ስማኝ እንጂ» አለችው። ስክሪኑ ላይ በፊደሉ ዙሪያ ትንንሽ አምፖሎች ተደርድረዋል፤ አንዱን መምረጥ አለባት። «ይኼን አስተማሪያችንም በቅጡ አላስረዳንም። አንተ ነህ የምታውቀው።»

ያውቃል። ብርሃን ከላይ፣ ከግራ ሲመጣ ፊደል ብድግ ይላል፤ ከታች ሲመጣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ይህን እስኪያውቅ ስንት ሰሌዳ ፍቆ እንደገና ጽፏል።

«ከታች» አለ።

«ከታች?» ዞር ብላ አየችው።

«ከታች አልኩሽ እኮ።»

የታችኛውን አምፖል ተጫነች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች፤ እንዳልጣማት ያስታውቃል። ከዚያ «እንግዲህ አንተ ካልክ» ብላ ተወችው።

የገዛ ዓይኗን ትታ የሱን አመነች። ይኼ ከቅናቱ ይልቅ አንገበገበው። ያለውን ላርም ብሎ አፉን ሲከፍት በሩ ተንኳኳና ታፔላውን ያዘዘችው የጥርስ ሐኪም ገባች።

ሐኪሟ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ምነው፣ ፊደሎቹ የተቦረቦሩ መሰሉኝ?» አለች። «ጥርስ ክሊኒክ በር ላይ ደግሞ ጉድጓድ ይሰቀላል እንዴ?»

ሚስቱ አልሣቀችም። ወደ እሱም አልዞረችም። «የኔ ስህተት ነው፤ ገና እየተማርኩ ስለሆነ ነው» አለች።

«የሷ አይደለም» አለ ታፔላ ጸሐፊው። «እኔ ነኝ ከታች ያልኳት። ከላይ በግራ ያለውን ተጫኚው።»

ተጫነችው። ፊደሎቹ ከሰሌዳው ተነሥተው ቆሙ። ሐኪሟ «እንዲህ ነው እንጂ» አለች፤ መቼ እንደሚሰቀል ጠይቃ፣ ቀን ተቀጣጥራ ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እያወቅኩ ነው ያሳሳትኩሽ» አለ።

«ገብቶኛል።»

«እንዴት?»

«ስትመልስልኝ ስክሪኑን አላየህማ። አንተ ፊደል ሳታይ ስለ ፊደል አውርተህ አታውቅም።»

እሷ ሥራውን አስቀመጠች፤ አዲስ ባዶ ገጽ ከፈተች፤ ከዚያ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችለት።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ማውሱን እንደ ብሩሽ በሦስት ጣቱ ጫፍ ያዘው። የማውሱ ትንሿ ቀስት ምልክቶቹን አልፋ ሽቅብ ሮጣ ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጠፋች።

«ቀስ» አለችው፣ ከኋላው ቆማ፣ እጆቿን እንዳጣመረች።